ጋን ውስጥ ያደገው አውራ ዶሮ

አክስቴ አቻምየለሽ ግራ ጉንጯ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበራት። ሰው ሁሉ በልጅነቷ እሳት ላይ የወደቀች ይመስለው ነበር። ነገሩ የጫጩት ነው።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በጥቅምት ባሏ ክንዱ ጣሊያንን ሊወጋ ቡሬ አጠገብ ካለው ቀያቸው ወጥቶ ዱር ገባ። ያን ዕለት ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ክንዱ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ከነዚህ አንዱን አውራ ለፋሲካ አቆዪልኝ። መጥቼ በገዛ እጄ ነው የማርደው፤ ሌላ ሰው እንዳታስነኪብኝ» አላት። በእኛ አገር ሴት ዶሮ አታርድም። ክንዱ ደግሞ ቢላዋውን ለሌላ ወንድ ሰጥቶ አያውቅም፤ አንድ ዓመት ወባ ጥሎት እንኳ በሰው ተደግፎ ነው ያረደው።

ዶሮዋ አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች። በሦስተኛው ቀን ከቡሬ ምሽግ የመጡ ባንዶች እናቲቱን ክንፏን ጠፍረው ወሰዷት። ገና ከዕቅፍ የወጣች ዶሮ ምን ሥጋ አላት? ከርሳሞች! ወሩ ኅዳር ነው፤ ውርጩ አያድርስ።

አክስቴ አፉ የተሸረፈ ጋን ምድጃው አጠገብ አጋድማ ጭድ ጎዘጎዘችበት። ድንጋይ እያሞቀች፣ ክንዱ ትቶት በሄደው አሮጌ ጋቢ ቁራጭ እየጠቀለለች ጫጩቶቹ መካከል ታኖራለች። ዳጉሳ ፈጭታ በመዳፏ ትመግባቸዋለች። መጀመሪያ ላይ የድንጋዩን ሙቀት የምትለካው በእጇ ነበር። የገበሬ ሴት እጅ ግን ትኩስ ነገር መች ይሰማዋል? አንድ ጠዋት አራቱ ተቃጥለው ሞተው አገኘቻቸው። አልቅሳ ሲወጣላት በጉንጯ መለካት ጀመረች።

እንዲያም ሆኖ ሦስቱን ብርድ፣ ሁለቱን ጭልፊት፣ አንዱን ድመት ጨረሳቸው። የቀረው አንድ ቀይ አውራ ነው። ከወንዙ ማዶ ተኩስ በሰማች ቁጥር ሮጣ እሱን ታያለች፤ እሱ ካለ ክንዱም ያለ ይመስላት ነበር።

የቅዳሜ ሹር ዕለት ሽንኩርቷን ከትፋ፣ ቢላዋውን ስላ ስትጠብቅ ዋለች። ወደ ማታ የክንዱ የዱር ጓደኛ ተስፋው ብቻውን መጣ።

«ክንዱስ?» አለችው።

«መንገዱ አልተመቸውም፣ እቴ። ዶሮውን አንተ ባርክላት ብሎኛል» አለና ቢላዋውን አነሳ።

ተስፋው ደግ ሰው ነበር። መርዶውን በዓሉ ካለፈ በኋላ እንድትሰማ ፈልጎ ነው። አክስቴ ግን ቢላዋውን ከእጁ ወሰደችበት።

«የት ቀበራችሁት?»

ተስፋው አንገቱን ደፋ። «ጊዮርጊስ ደጅ ነው፣ እቴ። ካህን ፈትቶታል።»

አውራው ዶሮ ሳይታረድ ቀረ። ያኔ አብራት የነበረችው እናቴ እንደነገረችኝ፣ ለቀስተኛው ሲበተን አክስቴ ተነሥታ ድንጋይ አሞቀች። በጉንጯ ለካችው፤ በጋቢው ቁራጭ ጠቀለለችው። አውራው ቆጥ ላይ ማደር ከጀመረ ወራት አልፈውታል፤ ጋኑ ባዶውን ነው። ድንጋዩን ታቅፋ ተቀመጠች።