ከበቡሽ የምትረግመው ሰው

ሸዋሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ያለችው የከበቡሽ ሆቴል ዘጠኝ ክፍል አላት። አልጋ የፈለገ ሰው ግን ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ስለ አንድ የታሪክ መጽሐፍ መስማት ነበረበት። «ልብ ወለድ እንዳይመስልህ፤ እውነት የሆነ ነገር ነው። ሲነበብ ግን እንደ ተረት ይጥማል» ትለዋለች። ደክሞት የመጣ ሹፌር ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ይሰማል። ምን ያድርግ፣ ቁልፉ ያለው እሷ እጅ ነው።

መጽሐፉ የይፋትን ቆላ የድሮ ዘመን ይተርካል። አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስትገዛው፣ ፎቶ ያለባቸው የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለው ነበር። እሷ ለፎቶ ግድ አልነበራትም። ልቧን የያዘው ስድስተኛው ምዕራፍ ነው፤ በፈረስ ስሙ አባ ገስግስ የሚባል ሹም በድርቅ ዓመት የቀወትን ጎተራ ሁሉ አሽጎ፣ ሰው በገዛ ማሽላው ደጃፍ በረሃብ ሲያልቅ ቆሞ ያየበት። እዚያ ስትደርስ ደሟ ይፈላል። «ዘር አይውጣለት» ትላለች፣ በማንም እንግዳ ፊት ሳታፍር።

ይህን ምዕራፍ ከማንም በላይ የሰማችው ሐቢባ ናት። ሐቢባ ከቀወት ሽንኩርትና ቲማቲም የምታመጣላት ደንበኛዋ ናት፤ ከበቡሽ ባሏ ከሞተባት ወዲህ እንደ እህት የያዘችው እሷን ነው። ማንበብ ስለማትችል፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርቷን አስረክባ ከባንኮኒው ትይዩ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጥና «እስቲ ያቺን አንብቢልኝ» ትላለች። ሌላ ምዕራፍ ቢነበብላት እሺ አትልም። ከበቡሽ ስትረግም ሐቢባ «አሚን» ትላለች። ከበቡሽም ታሪክ እንዲህ የሚወድ ሰው በማፍራቷ ትኮራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ልዑል የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ገባ።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ጨቅጭቀው ጨቅጭቀው አስገዙኝ» ብሎ የዚያኑ መጽሐፍ አዲስ ቅጂ ባንኮኒው ላይ አኖረ።

ከበቡሽ በደስታ ፈክታ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገለጠችው። ሦስተኛው ፎቶ ላይ እጇ ቆመ። ካባ የለበሰ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው። ከሥሩ «አባ ገስግስ» ይላል።

ቀና አለች። ትይዩ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ተከድኖ፣ ያው ፎቶ ተሰቅሏል። አያቷ ቀኛዝማች ዘለቀ ናቸው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ በገዛ እጇ የምትወለውላቸው። ቤተሰቡ «ቀኛዝማች» እያለ አሳደጋት እንጂ የፈረስ ስማቸውን ያነሳላት አንድም ሰው አልነበረም። አይውጣለት ስትል የኖረችው ዘር እሷው ናት።

ባንኮኒውን ተደገፈች። «አመመዎት እንዴ?» አለ ልዑል ወንበር እያቀረበላት። ሐቢባ ይህን ስትሰማ ዳግመኛ ዓይኔን አታይም፣ ብላ አሰበች። ፎቶውን ላውርደው ስትል የሐቢባ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ሐቢባ ሽንኩርቷን አስረክባ፣ እንደ ወትሮዋ ከፎቶው ሥር ተቀመጠች።

«ሐቢባ» አለች ከበቡሽ። «አባ ገስግስ አያቴ ነው። እመቤቴን፣ ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ሐቢባ ዞር ብላ ፎቶውን አላየችም። ሻሿን አስተካከለች።

«እኔ ዱሮም አውቃለሁ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ቀወት ውስጥ የማያውቅ የለም።»

ከበቡሽ መጽሐፉን ከደነች። «እያወቅሽ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያስነበብሽኝ?»

«አዎ። አያቴ በዚያ ዓመት አራት ልጅ ቀብራለች። እስክትሞት ስትረግመው ኖረች፤ እኛም ረገምነው። በገዛ ዘሩ አፍ ሲረገም የሰማሁት ግን እዚህ ነው።» ቀጥላም «በይ አንብቢልኝ» አለች።

ከበቡሽ መጽሐፉን ገለጠች፤ አነበበችም። ሁልጊዜ የምትረግምበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ተቋረጠ። ሐቢባ አሚን ለማለት ትጠብቅ ነበር።