የሚጮኸው ወስፋት

አሰላ መናፈሻ ውስጥ የልጅ ልጄ ዳቦው ውሾች በተጸዳዱበት ሣር ላይ ወደቀበት፤ አንስቶ ሊበላው ሲል ከለከልኩት። «ወስፋቴ ጮኸ እኮ፣ አያቴ» አለኝ።

በእሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ስል ጎረቤታችን የነበሩት የጤና ጣቢያው ሽማግሌ ድሬሰር ሰሙኝ። ጭቃ የያዘ ጣቴን አይተው የሚያቅለሸልሽ የወስፋት መድኃኒት አጠጡኝ። አፌ ብረት ብረት አለኝ። እናቴ፣ «ልጅቷ ራበኝ ማለቷ ነው» ብትላቸው፣ «እሱማ ገብቶኛል። የሚጮኸው ግን ከዚሁ ከሜዳው ነው የገባው» አሏት።

አሁን ለመናፈሻው ዘበኛ ልጆቹን ወስፋት እንዳይዛቸው ሣሩን እንዲያስጸዳ ብነግረው ሳቀብኝ። «እማማ፣ ወስፋት የሌለው ሰው አለ እንዴ? ሲርብዎት ታዲያ ምኑ ይጮኻል?»

ወደ ልጁ ዞር ስል፣ ዳቦውን ጨርሶ ጣቱን ይልሳል።