የገብስ ጁስ

ባለፈው ማክሰኞ እርግዝናዬን የምትከታተለው አዋላጅ፣ ሚድዋይፏ፣ «አልኮል ትጠጣለች?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው እትዬ አልጋነሽን ነው... ሆዱ ግን የኔ ነው።

እትዬ የባለቤቴ አክስት ናቸው። ለንደን ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የጠጡት ሴት ናቸው። ሚድዋይፏ በስልክ አስተርጓሚ ላገናኛችሁ ስትል «እኔ እያለሁ?» ብለው ከለከሏት። ለኔ ደግሞ በአማርኛ፣ ስልኩን የሚያነሳው ሀበሻ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እሑድ ወሬሽን ማኅበር ላይ ትሰሚዋለሽ አሉኝ።

እትዬን የሰፈራችን የኤድመንተን ሀበሻ ሁሉ በጠላቸው ነው የሚያውቃቸው። ገሾው ከአገር ቤት ይመጣል፣ በርሜሉ መታጠቢያ ቤት ይቀመጣል። ካረገዝኩ ወዲህም ደም ይሆንሻል እያሉ በየእሑዱ ይቀዱልኛል። እኔም እጠጣለሁ... ትልቅ ሰው ሲቀዳ እምቢ ይባላል እንዴ?

ሰሞኑን ታዲያ የምሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ውስጥ፣ አብራኝ ዕቃ የምታሽገው ዘይነባ «አንቺ፣ ጠላም እኮ አልኮል ነው፤ ለፅንስ ጥሩ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። ማክሰኞን የጠበቅኩት ለዚህ ብቻ ነው፤ ልጄን ጎድቼው ይሆን ብዬ ልጠይቅ።

እትዬ ግን ቀልጠፍ ብለው «ኖ» አሏት። እጃቸውን ያዝ አድርጌ ጠላውን ይንገሩልኝ አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ሚድዋይፏ ዞረው የነገሯት ምን መሰላችሁ? የገብስ ጁስ ትጠጣለች!

እንግሊዝኛዬ የዌርሃውስ እንግሊዝኛ ነው... ጁስን ግን አውቃለሁ።

«ኖ ጁስ» አልኩ። «አልኮል። አይ ድሪንክ። ኤቭሪ ሳንደይ።»

እትዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። «ዝም በይ፤ የመንግሥት ሶሻሎቹ ልጅሽን ይወስዱብሻል» አሉኝ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ለካ ከልባቸው ፈርተውልኝ ነው። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ስለ ልጄ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ሚድዋይፏ ወንበሯን ወደኔ አዞረችና ስልኩን አነሳች። በአስተርጓሚዋ በኩል ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልተቆጣችኝም፤ ልጅሽን እንወስዳለን ያለኝም የለም። ምንም አይሆንም ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም። ከዛሬ ጀምሮ ማቆምሽ ይጠቅመዋል፣ ማቆሙ ከከበደሽ ንገሪን፣ እድገቱን እንከታተላለን አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ።

ባስ ላይ እትዬ ሌላ ወንበር ሄደው ተቀመጡ። ስንወርድ ብቻ፣ አራቱንም ልጆቼን ጠላ እየጠጣሁ ነው የወለድኩት አሉኝ። እግዜር ጠብቆልዎት ነው፣ እኔ ግን በልጄ ቁማር አልጫወትም አልኳቸው። ተኮራረፍን።

ትናንት እሑድ ማኅበሩ እሳቸው ቤት ነበር። አንዲት ሴትዮ ጆጉን ይዛ ልትቀዳልኝ መጣች። ብርጭቆዬን በመዳፌ ከደንኩት። ኧረ ጠላ ምን ያደርግሻል ብላ ድርቅ አለች። ቤቱ ሁሉ እኔን ያያል።

ከጓዳው በር ላይ እትዬ «ተያት» አሏት። «ጠላ አልኮል ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን ሲጠምቁ ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም። ሴትዮዋ ጆጉን እንደያዘች ቀረች። እትዬ ውሃ አምጥተው ሰጡኝ... ኩርፊያው ስላልወጣላቸው ፊታቸውን አዙረው ነው የሰጡኝ።

ወሬው ዛሬ ሌላ ሰፈር፣ ሆሎዌይ ድረስ ደርሷል አሉ፤ «ያቺ ጠጪዋ እርጉዝ» እየተባልኩ ነው። ይበሉ። ልጄ አፉን እስኪፈታ ድረስ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።