የቁም ሣጥኑ ብርሃን

ውጭ አገር፣ ቦከንሃይም በሚባል ሰፈር በነበረችኝ አንድ ክፍል ቤት፣ ጓደኛዬ ዳዊት በሰጠኝ ዘር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ካናቢስ መትከል ጀምሬ ነበር። ለተክሉ የገጠምኩለት መብራት በታይመር ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ ይበራል። ለካ የዚያን ሳምንት የቤት ለቤት ጸሎት አስተናጋጅ ተረኛ እኔ ነኝ! ትዝ ያለኝ የቸርች ሰዎች በሬን ሲያንኳኩ ነው። ለሽታው መስኮት ከፈትኩ፤ ታይመሩን ግን ረሳሁት።

ጸሎቱ ተጀመረ። አፌ «አሜን» ይላል፣ ዐይኔ ሣጥኑ ላይ ነው። ድንገት ታይመሩ ቀጭ አለና በስንጥቁ ደማቅ ብርሃን ፈሰሰ። ጸሎቱ ተቋረጠ። አለቀልኝ አልኩ።

የዳዊት እናት እትዬ አበባ ተነሥተው ሣጥኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። እንባቸው መጣ።

«ሃሌሉያ! ይሞቃል!» አሉ። «የዳዊቴም ቁም ሣጥን ልክ እንዲህ ነው የሚያበራው!»