የጂንጃው ወሬ ባለቤት

«ቆይ ግን፣ ይሄን ወሬ መጀመሪያ ያወራው ማነው?» ብላችሁ አታውቁም? እኔ ባለፈው ረቡዕ ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ሰፈር፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠየቅኩ። መልሱንም አገኘሁ... ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ራሄልን ካምፓላ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ካባላጋላ ሰፈር፣ እኔ ለምሠራበት ምግብ ቤት አስቤዛ የምትገዛው፣ ምግብ የምታደርሰው እሷ ነበረች... በገዛ ስኩተሯ። እኔ ከተመረቅኩ ወዲህ በየቀኑ ሲቪ እየላክሁ «ለጊዜው ነው» እያልኩ ትዕዛዝ የምቀበል ልጅ ነኝ።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ለረቡዕ ጾም የሚሆን ዓሣ ልታመጣ ወደ ጋባ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወጣች። ሄልሜቷን እያሰረች «ዛሬ ትልልቁን ነው የማመጣው፣ ደግሞ ሳርዲን ነው ብለህ አሹፍብኝና ታያለህ!» አለችኝ። ጋባ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጫት። እዚያው አለፈች።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ መኮንን ሰበሰቡን። «እህቷ ቤዛ እንቴቤ ብቻዋን ናት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ ንጋት ላይ ቄሱን ይዘን እንሄዳለን። እስከዚያ ከደወለች...» ዞር ብለው አዩኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ዘዴ አታጣም።»

እንዴት እንደምለው አላውቅም... በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ትንሽ ደስ አለኝ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሰው አምኖ አንድ ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ነበር።

ጀንበር ሳትጠልቅ ቤዛ ደወለች።

«ራሄል ስልክ አታነሳም። የት ሄዳ ነው?»

«ጂንጃ... ጂንጃ ሄዳለች። ኔትወርክ የለም መሰለኝ።»

«ጂንጃ? በማክሰኞ? ከማን ጋር?»

«ከአንድ... ጓደኛዋ ጋር።»

«ወንድ ነው?»

«እኔ እንጃ ቤዚ፣ አልጠየቅኳትም።»

ዘጋሁት። ጂንጃ ከካምፓላ የሁለት ሰዓት መንገድ የሚርቅ ከተማ ነው፤ በዘዴዬ ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርዶው ተነገረ። ቤዛን ደግፈው ራሄል ቤት፣ ሙቱንጎ አመጧት። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። እኔ ውኃ አዳይ ሆንኩ። ውኃ የሚያድል ሰው ሁሉንም ይሰማል።

«ሴት ልጅና ስኩተር! እኔ ስንቴ ተናገርኩ...» ይላል አንዱ።

«ስኩተሩን ተወው፣ ጠጥታ ነበር አሉ» ይላል ሌላው።

ጥግ ላይ እትዬ ጸሐይ ተቀምጠዋል። የራሄል ጎረቤት ናቸው፣ ኦዊኖ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ከነጠላው ሥር ወሬው ይንቆረቆራል። «ጂንጃ ልትሄድ ነበር እኮ! ከባለትዳር ጋር። ሰውዬው ሚስቱ ስትደውል መንገድ ላይ ጥሏት ተመለሰ። እሷ ተናዳ ስትበር... በቃ። እግዜር ደግሞ ዝም አይልም።»

ውኃውን አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ አደጋው የደረሰው ጋባ መንገድ ላይ ነው። ጋባ ሐይቅ ዳር ነው፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ጂንጃ በዚያ አይኬድም።»

«ከሰው ዓይን ለመሸሽ ነዋ የኔ ልጅ!»

አሁን ሳስበው ያስቃል። ያን ሰዓት ግን ደሜ ፈላ። «ቆይ፣ ጂንጃ የሚለውን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? የገዛ እህቷ ናት! ትናንት አመሻሽ ላይ ደውላ 'ራሄል ጂንጃ የሄደችው ከማን ጋር ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። እህት በእህቷ ላይ ትዋሻለች?»

ቤዛ ጂንጃን የሰማችው ከእኔ ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ግን ራሄል ነገ ትቀበራለች፣ ስሟ ከሷ ጋር አይቀበርም... ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ነው የሚኖረው።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ቤዛ መርዶውን በስልክ እንዳትሰማ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ነው። ጂንጃ የለም። ሰውዬም የለም። ለእኛ ዓሣ ልትገዛ ብቻዋን ነበር የሄደችው።»

ተገላገልኩ አልኩ... እውነት ተነገረ፣ አበቃ።

«ታዲያ ምነው ታማለች አትልም ነበር?» አሉ እትዬ ጸሐይ። «ሁላችንም 'ትንሽ አሟታል' ብለን አይደል መርዶ የምናቆየው? ጂንጃ ከየት መጣ? ሰው ከመሬት ተነስቶ ይሄን አይፈጥርም።»

ከኋላዬ አንድ ድምፅ፦ «ሰውዬው ራሱ እሱ ቢሆንስ? እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አታዩትም?»

ጋሽ መኮንን ክንዴን ያዙኝ። «ቁጭ በል ልጄ። የለቅሶ ቤት ነው።» እሳቸውም ዓይኔን አላዩኝም።

ያኔ ቤዛ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ፊቷ አብጧል።

«ስደውልልህ... ሞታ ነበር?»

«አዎ ቤዚ።»

«እኔ እኮ ተናድጄባት ነው ያደርኩት» አለች፣ ቀስ ብላ። «ሳትነግረኝ ከወንድ ጋር ሄደች ብዬ... የድምፅ መልእክት ላኩላት። እናታችን ባትወልድሽ ይሻላት ነበር አልኳት።»

እትዬ ጸሐይ እንኳ ነጠላቸውን አወረዱ።

የራሄል ስልክ አሁን ጋሽ መኮንን ጋ ነው። የቤዛ መልእክት አልተከፈተም። ሲቪዬ ላይ ደግሞ «ከሰው ጋር የመግባባት ከፍተኛ ችሎታ ያለው» የሚል መስመር አለ።

እኔን «ሰውዬው እሱ ነው» የምትሉኝ... በሉ፣ ይመቻችሁ። የተሰበረውን ስኩተር ፎቶ በየገጻችሁ ለጥፋችሁ ሥሩ «የእጇን አገኘች» ብላችሁ የጻፋችሁትን ግን እያንዳንዳችሁን አውቃችኋለሁ፤ ሁለታችሁ ያመጣችውን ምግብ በልታችኋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የጂንጃውን ወሬ ለአንድ ሰው እንኳ ከነገራችሁ፣ ለዚያው ሰው ደውሉና «ውሸት ነው፣ ዓሣ ልትገዛ ብቻዋን ነበር የሄደችው» በሉት። ከዚያ እዚህ ሥር «ደወልኩ» ብላችሁ ጻፉ። ቤዛ ታነበዋለች።