ቬሎውን ያደረሱት ኦቦ ደበላ

ዛሬ መኪናዬን ማሳ ዳር አቁሜ፣ ኦቦ ደበላ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ላሙ ጤና ሲጨዋወቱ እጠብቅ ነበር።

እህቴ ነገ ታገባለች፤ ቬሎዋን ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ እያደረስኩ ነበር። አስፋልቱ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሳው ተቃውሞ ስለተዘጋ፣ ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ በገጠሩ ሊመሩኝ አብረውኝ ገቡ። መንገዱ ጉብኝት ሆነብኝ፤ ባሕር ዳርቻ ብቻ ነው የጎደለን።

በየመንደሩ «ሞተሩን አጥፋና ውረድ፤ አካም ብለህ ሰላም በላቸው» ይሉኛል።

«ኦቦ፣ እየመሸብን ነው እኮ።»

«ይምሽ። ሰላም ያላልከው ሰው ደጅ ላይ በመኪና አይታለፍም።»

አንድ ወንዝ ጋ ስንደርስ ጭቃ ያዘን። ገፍተው ያወጡን እነዚያው ሰላም ያልናቸው ሰዎች ናቸው፤ ባለ ላሙ ከሁሉም ቀድሞ ነው የደረሰው።

ቡራዩ ስንደርስ እህቴ ቬሎውን እንኳ ሳታይ ኦቦ ደበላን አቀፈቻቸው።

እናንተንስ መንገድ በተዘጋበት ቀን ማን አሻገራችሁ?