የአባቴ ቮልስ በማን ስም ይመዝገብ?

"እማማ፣ እርስዎ መንዳት ይችላሉ?" አላት ዛሬ የመኪና ምዝገባ ሠራተኛው ለጨዋታ ያህል።

"አንድ ቀን ነድቻለሁ" አለች እናቴ ረጋ ብላ።

እኔ ክው አልኩ። የሟቹን አባቴን አሮጌ ቮልስ ስምንት ወር ሙሉ አሠርቼ የቴክኒክ ምርመራውን አሳልፌዋለሁ። እናቴን የወሰድኳት ሊብሬው ወደ ስሜ ሲዞር እንድትፈርም ብቻ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጅማ አጠገብ ደዶ ስንኖር ነው። አባቴ ታስሯል፤ መኪናው ከግቢ እንዳይወጣ ቀበሌ ከልክሏል። የጎረቤታችን የዘይነባ ምጥ ጠና፤ ሌላ መኪና ጠፋ። የቀበሌው ሰዎች ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

"አባትህ ሲነዳ አጠገቡ ሆኜ ያየሁትን ይዤ፣ ቢስሚላህ ብዬ አስነሳሁት" አለችኝ። "ማርሽ መቀየር ስለማላውቅ እስከ ጅማ ፍሪሲዮኑን እንደረገጥኩ በአንደኛ ማርሽ ሄድኩ። ዘይነባ ከኋላ ትጮኻለች፣ እኔ ከፊት አለቅሳለሁ።"

ዘይነባ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች። እናቴም መኪናውን እንደ ምንም መልሳ ግቢ አቆመችው።

አባቴ ሲፈታ ፍሪሲዮኑን ተቃጥሎ አገኘው። እሷ መጀመሪያ ፈርታ፣ በኋላ አፍራ ዝም አለች። እሱ እስኪሞት ድረስ መኪናዬን ነድተው ያበላሹት እነሱ ናቸው እያለ የቀበሌ ጥበቃዎችን ሲያማ ኖረ። (አላህ ይዘንልህ አባዬ፣ እነሱ የሉበትም።)

"ታዲያ በማን ስም ልመዝግበው?" አለኝ ሠራተኛው።

"በእሷ።"

"እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም እኮ" አለች እናቴ።

"ያኔስ ነበረሽ እንዴ?" አልኳት። ሊብሬውን ተቀብላ ስሟን ደጋግማ አነበበችው።

እናንተስ፣ ወላጆቻችሁ ስንት ዓመት ደብቀው ድንገት የነገሯችሁ ምንድን ነው? ጻፉልኝ፣ ለእሷ አነብላታለሁ።